ያልጠበቀች ብሎን

ቂርያት ጋት፥ ሦስተኛ ፎቅ፥ ልብስ ከሚሰጣበት በረንዳ፥
አንድ ክንድ ተኩል በረሃ አለኝ፥ በጣውላ ላይ የተቀዳ።
አሸዋውን ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ በኩባያ ዘገንሁ፥
በብርቄ አሮጌ ስቶኪንግ ሦስት ጊዜ ነፋሁ፤
ኮረብታው ፎም ነው፤ በቢላ ጠርቤ ጀሶ ቀባሁት፥
ቁጥቋጦውን ከደረቀ ጦስኝ ለቅሜ ተከልሁት።
ለዝገቱ የጡብ ዱቄት፥ ለአቧራው የጠመኔ ብናኝ፥
ለጭቃው የጥርስ ብሩሽ ነክሬ ብረጨው ግማሹ እኔኑ አገኘኝ።

ብርቄ የደረቀ ልብስ ልታነሣ በክርኗ በሩን ገፍታ፥
"በስልሳ ስምንት ዓመት" አለች "የዕቃ ዕቃ ጨዋታ!"
አልመለስሁላትም።
በመቆንጠጫ የያዝሁት መዳፍ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤
ሙጫው ሳይደርቅ ከተነፈስሁ፥ ወለል ላይ ወድቆ አይገኝም።

ሳይረን በጮኸ ሌሊት ግን፥ ወደ መጠለያው ስንሮጥ፥
የጣውላውን አንድ ጫፍ ይዛ "ቀስ!" ትለኛለች "እንዳይገለበጥ!"
ደረጃውን እንወርዳለን፥ ባልና ሚስት፥ በረሃ ተሸክመን፥
ጎረቤት በፒጃማ እያየን፥ እንደ ሕፃን አልጋ ተጠንቅቀን።

መጀመሪያ የገዛሁት ታንክ ነበር፤ ሣጥኑ ላይ እሳትና ጭስ፥
ጎረምሳ ሁሉ እሱን ይገጥማል፥ መድፉ ሰማይ እስኪደርስ።
እኔ ለልጅ ልጄ ሰጥቼው፥ የጭነት መኪና ገዛሁ፤
ሠላሳ አምስት ጊዜ አሳንሰዋታል፤ ሾፌሯን በጣቴ ለካሁ።

ትዕይንቱ ይኸው፦ ከቤርሼባ ወደ ደቡብ፥ መንገድ ዳር የቆመች፥
የተነፈሰ ጎማዋን ከጎኗ ያጋደመች።
ክሪኩ ከሥሯ ገብቷል። አንዱ ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል፤
አንዱ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ከጫማው ጠጠር ያራግፋል፤
ሦስተኛው ቆሞ የማይረባ ምክር ይሰጣል።
ሦስተኛው እኔ ነኝ።

"ቶሎ በሉ፥ ሳይመሽ" ነበር ያልሁት፥ እጄን ኪሴ ከትቼ፤
ከዚያ ጎማውን ላስጠግን ተመለስሁ፥ ሌላ መኪና አግኝቼ።

የተንበረከከው አስረስ ይባላል። ስሙን ግን ማን ያስረሳል!
ከአምቦበር እስከ ገዳሪፍ አንድ ጥንድ ጫማ ነበረን፤
ተራው የእኔ ሲሆን እሱ እሾህ ይረግጣል።

ፀሐይ ነበር። ሰማዩ ጉም እንኳ አልነበረው።
ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ፥ በደረቁ ወንዝ ጎርፍ የመጣው፥
አስረስ ማቋረጫው መሐል ሲገባ ነው።
ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ።
አንድ ሲጋራ ቢያጨስ፥ አንድ ወሬ ቢያወራ።
አንድ ብሎን ብትጠፋው።

በሐምሌ ዐውደ ርእይ ነበር፥ በከተማው ባህል ማዕከል፤
ጥጡ ጭስ ሆኖ ይጤሳል፥ ክሩ እሾህ ሽቦ ሆኖ ይተበተባል፤
ወታደሩ ሁሉ ይተኩሳል፤ አንድ እንኳ የሚያንቀላፋ ይጠፋል።
ዳኛው ኤልያኪም ማስመሪያ በእጁ፥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፥
"ዝገቱ ድንቅ ነው" አለኝ፥ ጎማው አጠገብ ዝቅ ብሎ፤
"ግን ጠላት የታለ? የትኛው ጦርነት ነው? ጻፍበት እንጂ ዘመኑን።"
"ማክሰኞ ነው" አልሁት።
ሁለት ነጥብ ቀንሶ ዘጋ መዝገቡን።

የልጅ ልጄ ኔቮ ግን፥ አገጩን ጣውላው ላይ አስደግፎ፥
ብሎኖቹን ቆጠራቸው፥ ካንዱ ወዳንዱ በዓይኑ አልፎ፤
"ሳባ" አለኝ፥ አያቴ ማለቱ ነው፥ "ስምንት ቀዳዳ፥ ሰባት ብሎን፤
አንዷን ረስተሃታል። ላምጣልህ ከመሳቢያው ሙጫውን?"

አልረሳኋትም።
ከሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ ናት፤ በክብሪት ቀፎ፥ ጥጥ አልብሼ፥
ሌሊት ሌሊት ከፍቼ አያታለሁ፥ መብራት ለኩሼ።

እዚያ ጣውላው ላይ ጠጠሩ ገና ከጫማው አልወጣም፤
ክሪኩ አልወረደም፤ ሩቅ ተራራ ላይም ዝናቡ አልጀመረም።
አስረስ ወደ ኋላ መዳፉን ዘርግቶ፥ ሳይዞር፥ "አቀብለኝ" ይላል፤
እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጫለሁ፤
እሱ አሸዋው ላይ የወደቀች ይመስለዋል።